የነዳጅ ጌጅ ሲሳሳት፦ የነዳጅ መጠን ሰንሰር አሠራርና የብልሽቱ አመረማመር

የነዳጅ መጠን ሰንሰር በተሽከርካሪ የነዳጅ ታንክ ውስጥ ተቀምጦ ምን ያህል ነዳጅ እንደቀረ ለዳሽቦርዱ ጌጅ የሚያስታውቅ መሣሪያ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም በነዳጁ ላይ የሚዋኘው ተንሳፋፊ፣ ተንሳፋፊውን የያዘው ቀጭን የሽቦ ክንድ፣ እንዲሁም ክንዱ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የመግታት አቅሙ፣ የሚለዋወጥ ሬዚስተር ናቸው። ጌጁ የሚያነበው ይህን ለውጥ እንጂ ነዳጁን ራሱን አይደለም።

ሰሜን ሸዋን በመሰለ ተራራማ አገር የዚህ መሣሪያ ታማኝነት ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ደብረ ብርሃን ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አንኮበር፣ ከዚያም ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ፣ ወይም በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደብረ ሲና የሚያቆለቁል ተሽከርካሪ ነዳጁ በቁልቁለቱ መካከል ቢያልቅበት፣ ሞተሩ ሲጠፋ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ስለሚዳከም ሾፌሩ ከባድ አደጋ ይጋረጥበታል፤ ሞተሩ የናፍጣ ከሆነ ደግሞ በነዳጅ መስመሩ የገባው አየር እስኪወጣ ድረስ ነዳጅ ስለተጨመረለት ብቻ ላይነሣ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይኸው መልክዐ ምድር ጤነኛውንም ሰንሰር የተበላሸ ሊያስመስለው ይችላል፤ ነዳጁ ዳገት ላይ ወደ ታንኩ ኋላ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ስለሚሸሽ፣ ተንሳፋፊው ባለበት ቦታ መሠረት ንባቡ ከእውነተኛው መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በመሆኑም ምርመራው የሚጀመረው ተሽከርካሪውን በደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ መጠኑ የታወቀ ነዳጅ በመጨመርና ጌጁ ከተጨመረው ሊትር ጋር የሚመጣጠን ለውጥ ማሳየቱን በማስተያየት ነው።

ጌጁ በደልዳላ ቦታም ከተሳሳተ፣ ብልሽቱ ሰንሰሩ ላይ ነው ብሎ ወዲያው ዕቃ መለወጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ንባቡ ከፊውዙ፣ ከጌጁ፣ ከሽቦው፣ ከታንኩ ሶኬትና ከሰንሰሩ፣ እንዲሁም በጋራዥ ቋንቋ ማሳ ከሚባለው፣ ኤሌክትሪኩ በተሽከርካሪው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ከሚመለስበት መስመር ጤንነት የሚገኝ ውጤት ነውና። የሙቀት ጌጁም አብሮ ከሞተ ጥርጣሬው ወደ ፊውዙና ወደ ዳሽቦርዱ ያዘነብላል፤ መርፌው በኮረኮንች መንገድ የሚዘል ከሆነ ደግሞ የላላ ሶኬት ወይም የዛገ ማሳ አስቀድሞ ሊታይ ይገባዋል። በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት፣ በጎደለ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ያዘለው እርጥበት ወደ ውሃ ስለሚለወጥ፣ ዝገት በዚህ አካባቢ ችላ የሚባል ምክንያት አይደለም።

ባለመርፌ ጌጅ ባላቸው የቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ ጥፋቱን ከሁለት የሚከፍል ቀላል ፍተሻ አለ። ቁልፉ ተከፍቶ የታንኩ ሶኬት ሲነቀል መርፌው ወደ አንዱ ጫፍ፣ የሰንሰሩ ሽቦ በአነስተኛ አምፖል በኩል ከማሳ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ከሄደ፣ ጌጁና ሽቦው ጤነኞች ስለሆኑ ጥፋቱ ታንኩ ዘንድ ነው፤ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ግን ታንኩን ማውረድ ከንቱ ድካም ይሆናል። ንባቡ በኮምፒውተር በሚያልፍባቸው አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ይህ ፍተሻ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል በምትኩ የምርመራ መሣሪያ ይሰካል፤ ከፒ0460 እስከ ፒ0463 ያሉት ኮዶችም የዚህን ሰንሰር መስመር ያመለክታሉ። ኮዱ ችግር ያለበትን መስመር እንጂ የተበላሸውን ዕቃ ስለማይናገር የሽቦው ፍተሻ አይቀርም።

ሰንሰሩ ከመውጣቱ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀላል፤ የቤንዚን ትነት በጥቂት ብልጭታ ስለሚቀጣጠልም ሥራው እሳት በሌለበትና አየር በሚገባበት ቦታ ይከናወናል። ከዚያም መልቲሜትር የተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ በኦም፣ ማለትም በሬዚስታንስ መለኪያው፣ ላይ ተደርጎ ክንዱ ከታች ወደ ላይ በዝግታ ሲነሣ ቁጥሩ ሳይቋረጥ ሊለወጥ ይገባል፤ በብዙ የቆዩ የቶዮታ ሞዴሎች ታንኩ ባዶ ሲሆን ከ100 ኦም በላይ፣ ሲሞላ ከ10 ኦም በታች ይነበባል። ቁጥሩ በአንድ ቦታ ላይ ቢጠፋ፣ ክንዱ ዘወትር የሚመላለስበት የሬዚስተሩ ክፍል ተልጧል ማለት ነው። ውስጡ ክፍት የሆነውን ተንሳፋፊ ጆሮ አጠገብ አድርጎ መነቅነቅም ተገቢ ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተንሳፋፊው ተሰንጥቆ ነዳጅ ስለጠጣ፣ ታንኩ ቢሞላም ከፍ ብሎ ሊዋኝ አይችልም።

ጥገናው እስኪጠናቀቅ ድረስ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የጌጁ ምትክ ምስክር ነው፤ ሾፌሩ ተሽከርካሪው በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ መዝግቦ ከያዘ የቀረውን ነዳጅ ማስላት ይችላል። ስሌቱ ግን በዳገቱ ፍጆታ ላይ ሊመሠረት ይገባዋል፤ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በጥቂት ነዳጅ የተወረደው መንገድ ሲመለሱ ዳገት ሆኖ ይጠብቃልና።