ግድግዳው የሚመልሰው ብርሃን

የቤት ቀለም ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው፣ ቀይ ደም ያፈላል፣ አረንጓዴ መንፈስ ያድሳል፣ ሰማያዊ ያረጋጋል የሚል ምክር ሳይሰማ አይወጣም። ምክሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም ባንልም ማስረጃው የወሬውን ያህል የጠነከረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በሚገኝ የባሕር ኃይል ማረሚያ ቤት፣ ጠበኞችን ያበርዳል ተብሎ አንድ ክፍል ሮዝ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ኋላ በጥንቃቄ የተደረጉ ሙከራዎች ግን የተባለውን ውጤት አላገኙም። ታዲያ የምንኖርበት ክፍል በስሜታችንና በአኳኋናችን ላይ ሥልጣን የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ሥልጣኑ ግን ከቀለሙ ስም ይልቅ ወደ ብርሃኑ መጠንና ሥርጭት ያደላል። ለዚህም እዚሁ ጎጃም ውስጥ ጥሩ ምሳሌ አለን።

ከደጋው አንሥቶ እስከ ጣና ዳርቻ ድረስ አያሌ የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ይከታተላሉ። ብርሃን የሚገባው በውጨኛው ክፍል በሮችና መስኮቶች በመሆኑ ወደ መሐል በቀረብን መጠን እየሳሳ ይሄዳል። በጠራ ቀን፣ በቀትር፣ ግቢው ላይ የሚያርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ ያህል ነው፤ ውስጥ ያለው ከዚህ ከሺህ እጥፍ በላይ ሊያንስ ይችላል። የዐይናችን ብሌን ስፋቱን ለውጦ ብርሃኑን የሚያካክሰው ቢበዛ 16 ጊዜ ያህል ነው። የቀረውን ሥራ የሚሠራው ሬቲና ሲሆን እርሱም ጊዜ ይፈልጋል፤ ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ ከደጅ የገባ ሰው ወድዶም ሆነ ተገዶ እርምጃውን ያዘገያል፣ ይቆማል፣ ይጠብቃል። ማንም “ቀስ በል” አላለውም፤ ዐይኑ ግን ብሎታል።

በዘጌ ልሳነ ምድር በሚገኘው በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች ለገባው ሰው የሚገለጡለት በዚህ ዓይነት ነው፤ ጥቂት በጥቂት። በባህላዊው አሣሣል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ትርጉሙን ለሊቃውንቱ እንተውና፣ ከፊዚክስ ወገን አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በደብዛዛ ብርሃን ረቂቅ መስመሮች ይጠፉብናል፤ ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን የቆሙበት ትልቅ ዐይን ግን አይጠፋም። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ቀዩ ጠቁሮ ሰማያዊው ፈክቶ ይታያል፤ ይህን የቦሄሚያው ሊቅ ፑርኪንዬ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት አስተውሎታል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ወደ ተማሪው ክፍል እንሂድ። ከገጠር ስንቁን ቋጥሮ ደብረ ማርቆስ ለመማር የመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚከራየው መስኮቱ ትንሽ፣ ምርጊቱ የጠቆረ ክፍል ነው። መስኮቱ ትንሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ የክረምቱ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ የምናየው ብርሃን አምፖሉ የሰጠው ብቻ አይደለም። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ የሚመለሰውም ይደመራል። ግድግዳው፣ ኮርኒሱና ወለሉ በአማካይ የሚመልሱት ድርሻ “ረ” ቢሆን፣ ድምሩ በግምት 1 ሲካፈል ለ(1−ረ) ይሆናል። ጥቀርሻ የለበሰ ክፍል 5 በመቶ ብቻ ቢመልስ ውጤቱ 1.05 ነው፤ ጥቀርሻው አምፖሉ የሰጠውን ዋጠው ማለት ነው። ኖራ የተቀባና ነጭ የማዳበሪያ ኮርኒስ የተዘረጋበት ክፍል፣ ወለሉና ዕቃው የሚውጡት ተቀንሶ፣ 50 በመቶ ቢመልስ ውጤቱ 2 ይሆናል። ያው አምፖል፣ ያው የመብራት ክፍያ፣ ብርሃኑ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ግድግዳ ላይ ጋዜጣ የሚለጥፉ እናቶቻችን ይህን ስሌት ሳይጽፉት ሠርተውታል።

መስኮቱ ራሱ ቢሆን ለማየት ብቻ አይደለም። ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን አነጻጽሮ ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። የሕሙማኑ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ብዙ ባንጭንበት ይሻላል። ከዚህ የጸናው እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪድ በርሰንና ባልደረቦቹ ያሳዩት ነው፦ በሬቲና ውስጥ ራሳቸው ብርሃን ተቀብለው የአንጎልን የቀንና የሌሊት ሰዓት የሚያስተካክሉ ሕዋሳት አሉ። ጠዋት በጨለማ ክፍል ተኝቶ የሚውል ተማሪ፣ ማታ እንቅልፍ እንቢ ቢለው ስንፍና አድርገን አንቁጠረው።

የተጠራጠረ አንባቢ ይሞክረው። የብርሃን መለኪያ ፕሮግራም ያለው የእጅ ስልክ ያግኝና ከመስኮቱ ርቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ፤ የሉክሱን ቁጥር ይመዝግብ። ከዚያ በጠረጴዛው አጠገብ ባለው ጥቁር ግድግዳ ላይ ነጭ ጋቢ ዘርግቶ፣ ስልኩን ሳያንቀሳቅስ እንደገና ያንብብ።