ፍሳሽን ሽቅብ የሚገፋ መጸዳጃ

የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ጉልበቱ ቁልቁለት ነው፤ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከተዘረጋ ውሃው ደረቁን ይዞ እስከ ሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም ዝቃጩን አስቀርቶ ውሃውን ወደ ማስረጊያ እስከሚያሳልፈው ጉድጓድ፣ ይደርሳል። ከሕንፃው የመሬት ወለል በታች በተቆፈረ ምድር ቤት ውስጥ ግን መቀመጫው ከታንኩ መግቢያ በታች ስለሚውል ፍሳሹ የሚወርድበት ያጣል።

በድሬዳዋ ይህ ችግር ከከተማዋ አመሠራረት ጋር የተያያዘ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ የከዚራ ሰፈር በፕላን ቀጥ ባሉ መንገዶች ሲሠራ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር በጠባብ መንገዶችና በተጠጋጉ ግቢዎች አደገ፤ አብዛኛው ግቢም የጋራ የፍሳሽ መስመር ስለሌለው የየራሱን ጉድጓድ ይዞ ይኖራል። በእንዲህ ያለ ቦታ ወደ ጎን መስፋት ስለማይቻል ባለንብረቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማሰቡ አይቀርም፤ ወደ ታች ካሰበ ደግሞ ፍሳሹን ሽቅብ የሚገፋ ነገር ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ በስፋት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1958 በፈረንሳይ የተመሠረተው ኤስኤፍኤ የተባለ ኩባንያ ሲሆን ምርቱ ሳኒፍሎ በሚለው ስም ይታወቃል። ከመቀመጫው በስተኋላ የሚቀመጥ ሣጥን ነው፤ ውሃው ሲገባበት በውስጡ የሚጨምረው ግፊት ማብሪያውን ይነካል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ስለቶቹ ደረቁን ይፈጫሉ፣ ፓምፑም የላመውን ፍሳሽ ከ22 እስከ 32 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ቀጭን ቱቦ እስከ 4 ወይም 5 ሜትር ከፍታ ይልከዋል። የተገፋው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ፍሳሽን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ፣ ነው። በብዙ ቤት የተለመደው የቱርክ መቀመጫ ግን መውጫው ከወለል በታች ስለሆነ ከዚህ ሣጥን ጋር አይስማማም፤ ወይ ወለሉ በእርከን ከፍ ይላል፣ ወይ በምድር ቤቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ የቆሻሻ ውሃ ፓምፕ ይገባበታል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቱቦው ነው። ቱቦው ከሣጥኑ እንደወጣ በቅድሚያ ቀጥ ብሎ መውጣት፣ ከዚያም በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መጓዝ አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ወይም ኤልቦ፣ ማለትም የቱቦ መታጠፊያ፣ በኤልቦ ላይ ከተደራረበ፣ የፓምፑ ጉልበት መንገድ ላይ ያልቃል። ሣጥኑ የአየር ማስወጫ ቱቦና የራሱ የመብራት መስመር ከነመሬት ሽቦው ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑ የሚይዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ያለ ጄኔሬተር መጠቀም ምድር ቤቱን ማጥለቅለቅ ነው። በውሃ መታጠብ ልማድ በሆነበት በመጋላ ወረቀት አያስቸግርም፤ ስለቱን የሚያንቁት ጨርቅ፣ የንጽሕና መጠበቂያ እና ፀጉር ናቸው።

ሌላው ስጋት ጎርፍ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሚመስለው ደቻቱ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ጎርፍ ታንክ ሲሞላ ፍሳሹ ወደ መጣበት ስለሚመለስና ምድር ቤት ዝቅተኛው ቦታ ስለሆነ፣ ቱቦው ወደ ታንኩ ከመውረዱ በፊት ከግቢው መሬት ከፍ ብሎ እንደ ቅስት መታጠፍ ይኖርበታል፤ ይህች ጥቂት ሜትር ቱቦ ከቫልቩ ይልቅ ትታመናለች፣ ቫልቭ በቆሻሻ ይያዛልና።

ፓምፑ የሚፈታው የከፍታን ጥያቄ ብቻ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከጉድጓድ ስለሆነ፣ ከየግቢው ወደ አፈር የሚሰርገው ፍሳሽ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይነካል፤ በከተማዋ ጉድጓዶች የታየው የናይትሬት መብዛት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ገንዘቡ ከሣጥኑ በፊት ለታንኩ ቢውል ይሻላል፤ ግድግዳውና ወለሉ ውሃ የማያስተላልፍ ኮንክሪት፣ ክዳኑ የሚከፈት፣ ቦታውም ፍሳሽ መጣጭ መኪና መንገዱ ላይ ቆሞ በቱቦው የሚደርስበት መሆን አለበት፤ መኪናው የማይጠጋበት ታንክ ከሞላ በኋላ ፓምፑ የሚገፋበት ቦታ አይኖረውም።