ደም የቀላቀለ ሽንትና የሽንት ፊኛ ካንሰር፦ ጥፋቱ የዘር ነውን?



ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አባት ወደ ጤና ጣቢያችን መጡ። ሽንታቸው አልፎ አልፎ ደም መቀላቀል ከጀመረ ሰባት ወር ሆኖታል። ሕመም ስላልነበረው፣ ደግሞም ሰው የአባላዘር በሽታ ነው ብሎ እንዳይጠረጥራቸው ስለፈሩ ደብቀውት ቆይተዋል። ወደ ሆስፒታል ተልከው ሲመረመሩ የሽንት ፊኛ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ተመልሰው ሲመጡ የጠየቁኝ ግን ስለ ራሳቸው አልነበረም። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይህ ነገር በዘራችን ያለ ነው? የልጄ እጮኛ ቤተሰቦች ሰምተው ጋብቻውን ሊያስቀሩት ነው» አሉኝ። ስማቸው ሳይጠቀስ ታሪካቸው ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ፈቅደዋል። የዛሬው ጽሑፍ ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ ነው።

ጂን ምንድን ነው?

ሰውነታችን እጅግ ብዙ ከሆኑ ጥቃቅን ሴሎች የተሠራ ነው። ሴል ሥራውን የሚያከናውነው በውስጡ ባለ የመመሪያ መጽሐፍ ነው ብንል ይቀላል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ትእዛዝ ጂን ወይም ዘረ መል ይባላል። መጽሐፉ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። አንድ ሴል ለሁለት ሲከፈል መጽሐፉ በሙሉ ይገለበጣል። ሲገለበጥ ደግሞ ስሕተት ሊፈጠር ይችላል። «አይደግ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋ ፊደል ብትወድቅ «ይደግ» ይሆናል። ትእዛዙ ተገለበጠ ማለት ነው።

በካንሰርም የሚሆነው ይህን የመሰለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከሰው ካንሰር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተበላሸ ጂን ለይተው አወጡ። የተገኘውም ከሽንት ፊኛ ካንሰር ሴሎች ነበር። ኤችራስ የሚባለው ይህ ጂን ከጤነኛው የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው።

ካንሰሩ እንዴት ያድጋል? እንዴትስ ይዛመታል?

ራሽን የሚያመጣውን የጭነት መኪና አስቡ። ነዳጅ መስጫ አለው፤ ፍሬንም አለው። በሴል ውስጥም «ተባዛ» የሚሉ ጂኖችና «ቁም» የሚሉ ጂኖች አሉ።

ኤፍጂኤፍአር3 የሚባለው ጂን ሲበላሽ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ እንደቀረ ነው። ሴሎቹ በፊኛው የውስጥ ገጽ ላይ ይባዛሉ፤ ነገር ግን ፍሬኑ ስላለ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥልቅ አይገቡም። እንዲህ ዓይነቱ ዕጢ በመሣሪያ ተፍቆ ይወጣል፤ ስለሚመላለስ ግን ክትትል ይፈልጋል።

ፒ53 እና አርቢ የሚባሉት ጂኖች ፍሬን ናቸው። ፒ53 የተበላሸ መጽሐፍ የያዘ ሴል እንዳይባዛ ያቆመዋል፤ አንዳንዴም ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዋል። እነዚህ ሲበላሹ ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ዘልቆ ለመግባት ይችላል። ሴሎችን እርስ በርስ የሚያጣብቁ ጂኖችም ሲዳከሙ ሴሎቹ ተላቀው በደምና በንፍፊት መስመር ይጓዛሉ። ከዚያም በአጥንት፣ በሳንባና በጉበት ላይ ይሰፍራሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም። አንዱ ስሕተት በሌላው ላይ ሲደረብ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ጊዜው የእኛ ነው፤ ካልደበቅን።

ጂኑን የሚያበላሸው ምንድን ነው?

አንደኛው ትንባሆ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ በኩላሊት ተጣርቶ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። ሽንት እስክንሸና ድረስ የፊኛውን ግድግዳ ይነካል። ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከማጨስ ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው እኛን በቀጥታ ይመለከታል፤ የሽንት ቢልሃርዝያ ነው። ይህ ትል በወንዝና በኩሬ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። በአዋሽ መካከለኛና ታችኛው ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ ታችኛው ሸለቆ፣ በኩርሙክ፣ በሶማሊያ ጁባና ሸበሌ ወንዞች፣ በኬንያ ጣና ወንዝና በባሕር ዳርቻው አካባቢ ይገኛል። ከመካከላችን ብዙዎች ያደጉት በእነዚህ ውሃዎች ዳር ነው። የትሉ እንቁላል በፊኛው ግድግዳ ተቀብሮ ለዓመታት ያቆስላል። የቆሰለ ቦታ ለመዳን ሴሎቹ ደጋግመው ይባዛሉ፤ በተባዙ ቁጥር ስሕተት ይበዛል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ትል በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ውስጥ መድቦታል።

በተጨማሪም በቀለም፣ በጎማና በቆዳ ፋብሪካዎች የሚገኙ አንዳንድ ኬሚካሎች ይጎዳሉ።

ታዲያ ለልጅ ይተላለፋል?

አብዛኛውን ጊዜ አይተላለፍም። የተበላሸው መጽሐፍ ያለው በፊኛው ሴሎች ውስጥ ነው። ልጅ የሚወለደው ደግሞ ከፊኛ ሴል አይደለም። የአባት ፊኛ በትንባሆ ወይም በቢልሃርዝያ ቢጎዳ ጉዳቱ ወደ ልጅ ዘር አይገባም። ጥቂት ቤተሰቦች ግን ለካንሰር የሚያጋልጥ ጂን ይወርሳሉ። አንዳንድ ሰውም የትንባሆን መርዝ ቀስ ብሎ የሚያስወግድ ጂን ይዞ ይወለዳል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሲያጨስ አደጋው ይብሳል። ይህም ቢሆን ሲጋራን ለመተው ምክንያት ነው እንጂ ጋብቻን ለማፍረስ አይደለም። በሽታው እርግማንም አይደለም፤ በመብላት፣ በመጠጣት ወይም አብሮ በመተኛትም አይተላለፍም።

ምን እናድርግ?

• ሽንታችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ደም ከቀላቀለ፣ ባያማችሁም፣ በራሱ ቢቆምም ወደ ጤና ጣቢያ ኑ። የካንሰር ደም ይቆምና ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ሴቶች የወር አበባ ነው ብላችሁ አትለፉት።

• ደም ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቢልሃርዝያ፣ የኩላሊት ጠጠርና ኢንፌክሽን ደም ያመጣሉ። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንና ቀይ ሥርም ሽንትን ያቀላሉ።

• ልጅ ደም ሲሸና «የጉርምስና ምልክት ነው» ብሎ ማለፍ በአንዳንድ አካባቢዎች የተለመደ ነበር። ስሕተት ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት በክብደት ተለክቶ ይሰጠዋል።

• መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፤ የተበላሸ ጂን ግን አይጠግንም። ስለዚህ ከሕክምና በኋላ ደሙ ካላቆመ ተመለሱ።

• በጎ ፈቃደኞች፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ «ካንሰር ነው» አትበሉ። ያጨሱ እንደሆነ፣ በየትኛው ወንዝ ውሃ ይቀዱና ይታጠቡ እንደነበር በብቻቸው ጠይቁና ወደ እኛ ላኩ።

ቀድሞ ለተገኘ ሕክምና አለው። በልጅነታችን ክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወልን የቲቢ ክትባት ቢሲጂ፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በፊኛ ውስጥ እየተጨመረ በገጽ ላይ ያለ ካንሰር እንዳይመለስ ያገለግላል። ይህ የሚሰጠው በትላልቅ ሆስፒታሎች ነው።

የእኚያ አባት ካንሰር ሲደረስበት ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ፊኛቸው በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ተወስኗል። ልጃቸው ሲጋራ አቁሟል። የጋብቻውን ነገር ሽማግሌዎች ይዘውታል፤ እኔም ተጠርቼ ከላይ የጻፍኩላችሁን ነግሬያቸዋለሁ። «ሰባት ወር ያፈርኩት ለምን ነበር?» ይላሉ አባታችን አሁን። እናንተ ሰባት ቀንም አትጠብቁ።