በቤት ውስጥ ለድርብርብ ስፌት የሚሆን መኪና አመራረጥ



ዛሬ የማቀርበው ርእስ ለአደባባይ ትምህርት አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። በቤቱ ተቀምጦ ድርብርብ ስፌት ለመሥራት የፈለገ ሰው የትኛውን የስፌት መኪና ይምረጥ? የሚል ነው። ነገር ግን ለብዙ ቤተሰብ የስፌት መኪና የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ቁጠባ ነው። ሥራውን የማይችል መኪና የተገዛ እንደ ሆነ፣ የሚባክነው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ሊገኝ የታሰበው እንጀራም አብሮ ይቀራል። እኔም የማሽን ትምህርት መምህር እንደ መሆኔ መጠን፣ ስለ ምርጫው የማስታወቂያ ቋንቋ ሳይሆን የመካኒክስ ቋንቋ ምን እንደሚል ላስረዳ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ሥራውን ልግለጽ። ድርብርብ ስፌት ስል በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ኪልት የሚባለውን ሥራ ማለቴ ነው። ከላይ ብዙውን ጊዜ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ፊት፣ ከመሀል የጥጥ ወይም የፖሊስተር ሙሌት፣ ከታች ገበር ይነጠፍና ሦስቱ በመላ ስፋታቸው ላይ በስፌት ይያያዛሉ። ለእኛ የደራረቡት ልብስ እንግዳ አይደለም፤ ጋቢያችን አራት ድርብ ነው። ልዩነቱ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። የጋቢ ድርቦች ሁሉም የተሸመኑ ጨርቆች ስለ ሆኑ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ስለዚህ መሀል ለመሀል መስፋት አያስፈልግም። የኪልት ሙሌት ግን ያልተሸመነ ቃጫ ነው። በስፌት ካልተያዘ በአንድ ሁለት እጥበት ተንሸራቶ ወደ ጥግ ይከማቻል። እንግዲህ ስፌቱ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ማሰሪያ ነው። የመኪናው ምርጫም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ተራ የስፌት መኪና ጨርቁን የሚያንቀሳቅሰው ከታች በሚገኙት ጥርሶች ነው። ጥርሶቹ ብቅ ብለው የታችኛውን ጨርቅ ይይዙና ወደ ኋላ ይገፋሉ። ከላይ ያለው መጫኛ እግር ግን አይንቀሳቀስም፤ ይጫናል እንጂ አይራመድም። በአንድ ወይም በሁለት ስስ ጨርቅ ላይ ይህ ችግር አያመጣም። መሀሉ ለስላሳ ሙሌት ሲሆን ግን የጥርሶቹ ኃይል ወደ ላይኛው ጨርቅ በሚገባ አይደርስም፤ የመጫኛው እግር ሰበቃም ላይኛውን ወደ ፊት ያስቀረዋል። ታችኛው ይሄዳል፣ ላይኛው ይዘገያል። በስፌቱ መጨረሻ ላይኛው ጨርቅ ተርፎ ይገኛል፤ መሀሉም ይጨማደዳል። ይህ የእጅ ጉድለት የሚመስለው ሁሉ በእውነቱ የመኪናው አሠራር ውጤት ነው።

መድኃኒቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ተራማጅ እግር ነው፤ ይኸውም ከመርፌው ዘንግ ጋር ተያይዞ ከላይ በኩል የራሱን ጥርሶች የሚያራምድ ተቀጥላ ነው። በብዙ የቤት መኪናዎች ላይ ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል። ሁለተኛው ላይኛው መጎተቻ ከመኪናው ጋር አብሮ የተሠራበት ዓይነት ነው፤ የጀርመኑ ፋፍ ይህን በቤት መኪናዎቹ ላይ ካዋለ ከ1960ዎቹ ወዲህ ይታወቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው የገዢ ጥያቄ “ስንት ዓይነት ስፌት ያወጣል?” ሳይሆን “ላይኛውን ጨርቅ ምን ያራምደዋል?” መሆን አለበት። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በቀጥታ መስመር ለሚሰፋ ሰው ሁለት መቶ ዓይነት የጌጥ ስፌት ቢኖር ሥራው የሚያልቀው በአንዱ ነው፤ በቀጥታው።

በጠመዝማዛ መስመር መስፋት የሚፈልግ ሰው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በዚህ ጊዜ ጥርሶቹ ዝቅ ይደረጋሉ ወይም ይሸፈናሉ፤ ጨርቁን የሚመራው የሰፊው እጅ ብቻ ይሆናል። የስፌቱ ርዝመት የሚወሰነው በመርፌው ፍጥነትና በእጁ ፍጥነት ጥምርታ ስለ ሆነ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ መኪናው ሳይዘል ቀስ ብሎ መነሣቱና ፍጥነቱን እኩል መጠበቁ ከከፍተኛው ፍጥነት ይልቅ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቦታ ነው። ከመርፌው በስተ ቀኝ እስከ መኪናው ቋሚ አካል ያለው ክፍተት በተለመዱት የቤት መኪናዎች 16 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ተብለው በሚሠሩት 20 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ እናስላው። ስፋቱ 150 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ድርብርብ መሀሉ ላይ ሲሰፋ፣ ግማሹ ማለትም 75 ሴንቲሜትሩ ተጠቅልሎ በዚያ ክፍተት ውስጥ ማለፍ አለበት። የጥቅሉ መቁረጫ ስፋት 75 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ጠብቆ ቢጠቀለል ዲያሜትሩ ወደ 10 ሴንቲሜትር ይጠጋል። በ16 ሴንቲሜትር ክፍተት ውስጥ ለእጅ የሚተርፈው 6 ብቻ ነው። ክፍተቱ 22 ቢሆን 12 ይተርፋል። 6 ሴንቲሜትር መጨመሩ የሥራውን ቦታ እጥፍ አደረገው ማለት ነው። ስፋቱ 220 ሴንቲሜትር ለሆነ የትልቅ አልጋ ልብስ ደግሞ ጥቅሉ ወደ 12 ሴንቲሜትር ያድጋል፤ በትንሹ መኪና 4፣ በትልቁ 10 ይተርፋል። እንግዲህ የሕፃን መሸፈኛ ብቻ የሚሠራ ሰው ለሰፊ ክፍተት ገንዘብ ባያወጣ አይጎዳም፤ የአልጋ ልብስ የሚሠራ ግን በዚህ ላይ ሊቆጥብ አይገባውም።

ስለ ፍጥነትም እንዲሁ እናስላ። ርዝመቱ 200፣ ስፋቱ 150 ሴንቲሜትር የሆነ ልብስ በየ5 ሴንቲሜትሩ ወደ ታችና ወደ ጎን ቢሰፋ፣ የመስመሮቹ ድምር ርዝመት 120 ሜትር ገደማ ይሆናል። የአንዱ ስፌት ርዝመት 2.5 ሚሊሜትር ከሆነ 48,000 ስፌት ነው። በደቂቃ 800 የሚሰፋ መኪና መርፌው ሳይቆም 60 ደቂቃ፣ 1,500 የሚሰፋው 32 ደቂቃ ይወስድበታል። ቀናት በሚፈጅ ሥራ ውስጥ የተረፈው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጊዜውን የሚበላው ጨርቁን ማዞር፣ መጠቅለልና ማስተካከል ነው። ፍጥነት የሻጭ ወሬ ነው፤ ቦታና ጥሩ ጠረጴዛ የሰፊው ጥቅም ነው። የከበደ ጨርቅ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሲንጠለጠል መርፌውን ይጎትታል፤ ያጎብጣል፤ ይሰብራልም።

ሦስተኛው ጉዳይ መኪናው የሚኖርበት ቦታ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን መኪና ልከው ደስ ያሰኙናል። ይሁን እንጂ በዚያ አገር የኤሌክትሪክ ኃይሉ 120 ቮልት ሲሆን በእኛ 220 ነው። ለዚያ ብቻ የተሠራ መኪና እዚህ በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ወይም የፔዳሉ መቆጣጠሪያ ይቃጠላል። በጀርባው ላይ የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳ ማንበብ፣ ካስፈለገም ከተጻፈው ዋት በላይ አቅም ያለው ትራንስፎርመር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከዚያ ቀጥሎ መርፌው፣ ቦቢኑና መለዋወጫው በአቅራቢያ ይገኛል ወይ? የሚጠግነው ባለሙያስ አለ ወይ? ብሎ መጠየቅ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚሠራ መኪና ሰሌዳው ሲበላሽ በዘይትና በመፍቻ አይድንም።

በዚህ ሚዛን ከታየ፣ በየከተማው በረንዳ ላይ የምናየው የእግር ሲንጀር የሚናቅ አይደለም። መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቆምም፤ ቀጥታ ስፌቱ የጠራ ነው፤ ፍጥነቱም በእግር ስለሚመራ ለጀማሪ ይታዘዛል። ቀጥታ ብቻ የሚሰፉ መኪናዎች የመርፌ ቀዳዳቸው ጠባብ ስለ ሆነ፣ ለዚግዛግ ሲባል ቀዳዳቸው ከሰፋው ይልቅ ጨርቁን ደግፈው ይይዛሉ። ገደቡ ክፍተቱና ላይኛውን ጨርቅ የሚያራምድ ነገር አለመኖሩ ነው፤ ስለዚህ ለስስ ሙሌትና ለመካከለኛ መጠን ይመረጣል። የፋብሪካ መኪና በበኩሉ ኃይልና ሰፊ ጠረጴዛ አለው፤ ነገር ግን ቋሚ ቦታ ይይዛል፤ በአሮጌው ዓይነት ሞተር ቀስ ብሎ መስፋትም ያስቸግራል። ቤት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ፍጥነቱ የሚገደብ ሰርቮ ሞተር የተገጠመለት ይሁን።

በመጨረሻም ለገዢ አንድ ፈተና ልስጥ። ወደ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለት ጨርቅና በመሀሉ ሙሌት፣ ርዝመቱ 50 ሴንቲሜትር፣ ሁለቱም ጫፎቹ እኩል የተቆረጡ። ሳትጎትቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፉ። ላይኛው ጨርቅ ምን ያህል እንደ ተረፈ ለኩ። ገልብጣችሁም ተመልከቱ፤ የላይኛው ክር ከሥር እየተንዘላዘለ ከታየና ውጥረቱን ብታጠብቁትም ካልተስተካከለ ያ መኪና ለእናንተ አይሆንም። ከዚያ ናሙናውን አጥፋችሁ በወፍራሙ ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት፤ መኪናው ካቃሰተና መዘውሩን በእጅ ማገዝ ካስፈለገ አቅሙ ታውቋል።

ይህ ፈተና አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩ ካልፈቀደ፣ ያም ራሱ መልስ ነው። መኪና ስለ ራሱ የሚናገረው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ሳይሆን በጨርቁ ላይ በሚተወው ነው።