ይግባኝ የሌለው ዳኛ

በአማርኛ የፍርድ ቤቱም የሜዳውም ሰው መጠሪያቸው አንድ ነው፤ ዳኛ። የሚለያዩት ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነው። ፍርድ ቤት የተረታ ሰው ይግባኝ ይላል። ሜዳ ላይ የተፈረደበት ተጫዋች ግን የቀድሞ ሰዎች ሰሚ ሲያጡ እንደሚሉት «ይግባኝ ለክርስቶስ» ከማለት በቀር መንገድ አልነበረውም። የአሜሪካ ቤዝቦል ከ1876 ወዲህ ባለው የሊግ ታሪኩ አብዛኛውን ዘመን የኖረው በዚህ ሥርዓት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጩኸቱ፣ ከሜዳ መባረሩ፣ እገዳውና መቀጮው የጨዋታው አካል እስኪመስሉ ድረስ ተለመዱ።

በሴፕቴምበር 2025 የሜጀር ሊግ ቤዝቦል የጋራ የውድድር ኮሚቴ ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ ተጫዋቾች የዳኛውን የኳስ ፍርድ እዚያው በካሜራ እንዲያስመረምሩ ፈቀደ። ዜናው የቴክኖሎጂ ዜና ሆኖ ተወራ። እኔ የማየው እንደ ፍትሕ ዜና ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ጠቡ ከየት እንደሚነሣና ቅጣት ብቻውን ለምን እንዳላበረደው ከሥሩ መናገር ያስፈልጋል።

የማትታይ መስኮት

ወርዋሪው 18 ሜትር ከግማሽ ያህል ርቆ ቆሞ ኳሱን ወደ መቺው ይወረውራል። መቺው ዱላውን ካልሰነዘረ ኳሱ በተገቢው ቦታ ማለፍ አለማለፉን የሚናገረው ኳሱን ከሚቀበለው ያዥ ጀርባ ያጎነበሰው ዳኛ ነው። ያ ቦታ መሬት ላይ የተሰመረ አይደለም። ስፋቱ ሆም ፕሌት የሚባለው ነጭ ሰሌዳ ስፋት፣ ማለትም 43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁመቱ ከመቺው ጉልበት ሥር ተነሥቶ ደረቱ አካባቢ ያበቃል። አየር ላይ በሐሳብ የተሣለ መስኮት ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ያለፈ ኳስ «ስትራይክ» ይባላል፤ የሳተው «ቦል» ነው። ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣዋል፤ አራት ቦል ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ሮጦ ወደሚረግጠው የመጀመሪያ ማረፊያ፣ በነፃ ያሳልፈዋል።

በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ ፕሌቱ ላይ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። መጨረሻ ላይ ይታጠፋል ወይም ይሰምጣል። ያዡም ቢሆን ዳር የነካችውን ኳስ በጓንቱ በዘዴ ወደ ውስጥ ይስባታል፤ ይህን አሳምሮ የሚችል ያዥ በሙያው ይከፈልበታል። እንዲህም ሆኖ የዛሬዎቹ የሜጀር ሊግ ዳኞች በካሜራ ሲመዘኑ ከ100 ኳሶች 94 ያህሉን በትክክል ይለያሉ። የሰው ዓይን እዚህ መድረሱ ያስደንቃል። ጠቡ የሚቀጣጠለው በቀሩት ስድስቱ ነው። በቅርብ ዓመታት ከሜዳ ከተባረሩት ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ከ10ሩ ስድስቱ ያህል የወጡት በቦልና በስትራይክ ክርክር ነው።

የደንቡ ቃል ጥብቅ ነው፤ ዳኛው አይቶና አመዛዝኖ የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ በቦልና በስትራይክ ለመከራከር ቦታውን ለቅቆ የመጣም ይባረራል። በተግባር ግን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው አባባል እዚያም ይሠራል። «ያቺ ኳስ ዝቅ ብላለች» ያለ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ነገሩን ከኳሱ ወደ ዳኛው አዙሮ «አንተ» ብሎ ስድብ የጀመረ ግን ወዲያው ይወጣል። እጁን የሰነዘረ ወይም የገፈተረማ እገዳ ይጠብቀዋል።

ከጡጫ ወደ ደንብ

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ብዙ ጨዋታዎችን የሚመራው አንድ ዳኛ ብቻ ነበር። ዓይኑ ኳሱን ሲከተል ተጫዋቾች ከጀርባው የተቃራኒውን ሯጭ ቀበቶ ይይዛሉ፣ ያደናቅፋሉ። ዳኛው ሲገፈተርና ሲሰደብ፣ ከተመልካች ጠርሙስ ሲወረወርበት የሚደርስለት አልነበረም። በ1901 ራሱን ትልቅ ሊግ ብሎ ያወጀው አሜሪካን ሊግ ፕሬዚዳንት ባን ጆንሰን ከተቀናቃኙ የተለየበት አንዱ መንገድ ከዳኞቹ ጎን መቆሙ ነበር፤ ዳኛ የደፈረውን ይቀጣ ነበር። በሌላው ሊግ ከ1905 እስከ 1941 የዳኘው ቢል ክሌም ደግሞ የተቆጣ ሰው ሲመጣበት በጫማው አፈሩ ላይ መስመር ያሰምር ነበር። መስመሩን ያለፈ ተባራሪ ነው።

እንዲህ ሆኖ ዳኛው ተከበረ። ግን አንድ በር ተዘግቶ ቀረ። ሕግ የሚያውቁ አንባቢዎች የእኛ ሰበር ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ብቻ እንደሚያይ ያስታውሳሉ። ቤዝቦልም እንዲሁ ነበር፤ ዳኛው ደንቡን በተሳሳተ መንገድ ከተረጎመ አቤቱታ ይቀርባል፣ ያየውን ነገር ከተሳሳተ ግን ማንም አያርመውም።

የዚህ ልዩነት ዋጋ በሁለት ታሪኮች ይታያል። በጁላይ 24 ቀን 1983 በያንኪ ስታዲየም የካንሳስ ሲቲ ሮያልስ መቺ ጆርጅ ብሬት በመጨረሻው ዙር ቡድኑን 5 ለ 4 መሪ ያደረገ ሆም ረን (ከሜዳው አጥር ውጭ የሚወጣ ምት) መታ። የያንኪዎቹ አሰልጣኝ ቢሊ ማርቲን ዱላው ላይ የተቀባው የጥድ ዝፍት ከተፈቀደው 46 ሳንቲ ሜትር ያልፋል ብሎ አመለከተ። ዳኛው ቲም ማክሌላንድ ለክቶ ምቱን ሻረ። ብሬት ከመቀመጫው ተወርውሮ ወደ ዳኛው ሲሮጥ በሰው ኃይል ነው የተያዘው። ሮያልስ አቤት አሉ፤ የሊጉ ፕሬዚዳንት ሊ ማክፌይልም ደንቡ ዱላውን እንጂ ምቱን አይሽርም ብለው ፈረዱ። ጨዋታው በኦገስት 18 ከቆመበት ቀጥሎ በ5 ለ 4 አለቀ።

ሁለተኛው በ1985 የዓለም ሻምፒዮና የሆነው ነው። ሴይንት ሉዊስ ካርዲናልስ በስድስተኛው ጨዋታ 1 ለ 0 እየመሩ ዋንጫውን ለማንሣት ሦስት ሰው ማስወጣት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ዳኛው ዶን ዴንኪንገር መጀመሪያው ቤዝ ላይ ኳሱ የቀደመውን ሯጭ «ደርሷል» አለ። ስሕተቱን አገር በቴሌቪዥን አየው። ነገር ግን የዓይን ስሕተት ስለሆነ የሚሰማው አልነበረም። ካርዲናልስ ያንን ጨዋታ 2 ለ 1፣ ቀጣዩን 11 ለ 0 ተሸነፉ። በሰባተኛው ጨዋታ አሰልጣኛቸው ዋይቲ ሄርዞግና ወርዋሪያቸው ኋኪን አንዱሃር ተባረሩ። ዴንኪንገርም ከዚያ በኋላ የግድያ ዛቻ ሲደርሰው ኖረ። የተዘጋው በር ዳኛውን ይጠብቀዋል ተብሎ ነበር። ዳኛው ግን ሊያርመው የማይችለውን ስሕተት ዕድሜ ልክ ብቻውን ተሸከመ።

የቶሮንቶው ምራቅ

ቅጣትስ? በ1988 የሲንሲናቲ አሰልጣኝ ፒት ሮዝ ዳኛ ዴቭ ፓሎንን በመግፈተሩ ለ30 ቀን ታገደ። ተጫዋቾች ግን በሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል ባገኙት መብት ቅጣታቸውን ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ ይግባኙ እስኪሰማም መጫወታቸው አይቋረጥም። ከዚህ ላይ እንግዳ የሆነ መዛባት ይታያል። የተሳሳተውን ፍርድ ማስመርመር አይቻልም፤ በተሳሳተው ፍርድ ተናደው ያጠፉት ጥፋት ቅጣት ግን ሊዘገይ ይችላል። ተጫዋቹ ዳኛው አይጠየቅም ይላል፤ የዳኞች ግምገማና ቅጣት ብዙ ጊዜ ለሕዝብ አይገለጥምና። ዳኛው ደግሞ ማንም አይከላከልልኝም ይላል።

ይህ ሁሉ በሴፕቴምበር 27 ቀን 1996 ቶሮንቶ ውስጥ ፈነዳ። የባልቲሞር ኦሪዮልሱ ሮቤርቶ አሎማር በዳኛ ጆን ሂርሽቤክ ሦስተኛ ስትራይክ ተባለበት፤ ሲከራከር ተባረረ፤ ተመልሶ መጥቶ ፊቱ ላይ ተፋበት። በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር ደግሞ ዳኛው ልጁ ከሞተበት ወዲህ መራራ ሆኗል አለ። የሂርሽቤክ የስምንት ዓመት ልጅ በ1993 አድሬኖሊውኮዲስትሮፊ በሚባል በዘር በሚወረስ የአንጎል በሽታ ነበር የሞተው። በማግስቱ ይህን የሰማው ሂርሽቤክ ወደ ኦሪዮልስ መልበሻ ክፍል ዘልቆ ሲገባ ሰዎች ናቸው የያዙት።

ሊጉ አሎማርን ለአምስት ጨዋታ አገደ። አሎማር ይግባኝ አለ፤ እገዳውም ወደ ቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ተላለፈ። በማግስቱ በመታው ሆም ረን ቡድኑን ለማጣሪያው አበቃ፤ በማጣሪያውም ክሊቭላንድን ያሰናበተውን ምት መታ። ዳኞች በቁጣ ማጣሪያውን አንዳኝም ብለው ተነሡ፤ ሜዳ ላይ የቆዩት የፌዴራል ዳኛ ትእዛዝ አስገድዷቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በየትኛውም ደንብ አላገኘሁትም። አሎማር ይቅርታ ጠየቀ፤ የሂርሽቤክን ልጅ ለገደለው በሽታ ምርምር 50,000 ዶላር ሰጠ። በ1997 ኤፕሪል ሜዳ ላይ ተጨባበጡ። አሎማር ወደ ክሊቭላንድ ሲዛወር ሁለቱንም የሚያውቅ የዳኞች ክፍል ሠራተኛ እንደ ሽማግሌ ሆኖ አቀራረባቸው። ወዳጅ ሆኑ፤ ያንኑ በሽታ የወረሰው የሂርሽቤክ ሌላው ልጅም ከአሎማር ጋር ተዋደደ። ሂርሽቤክ በ2000 የአዲሱ የዳኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። አሎማር በ2011 ለዝነኞች አዳራሽ ሲመረጥ ደስታውን ከገለጹት አንዱ እሱ ነበር። እገዳው ሊያመጣ ያልቻለውን ሰላም ያመጣው ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው መነጋገራቸው ነው።

የዲትሮይቱ እንባ

በጁን 2 ቀን 2010 የዲትሮይት ታይገርስ ወርዋሪ አርማንዶ ጋላራጋ የመጡበትን 26 መቺዎች በሙሉ አስወጥቶ 27ኛው ቀረው። አንድም ሰው ቤዝ ሳይረግጥ የሚያልቅ ጨዋታ እስከዚያ ቀን በሜጀር ሊግ ታሪክ 20 ጊዜ ብቻ ነው የታየው። የመጨረሻው መቺ በግልጽ ተቀድሞ ሳለ ዳኛው ጂም ጆይስ እጁን ዘርግቶ «ደርሷል» አለ። ጋላራጋ ፈገግ አለ፤ ወደ ቦታው ተመልሶ ቀጣዩን መቺ አስወጣ።

ጆይስ ቪዲዮውን ካየ በኋላ አልሸሸም። ተሳስቻለሁ አለ፤ እያለቀሰ ወርዋሪውን ይቅርታ ጠየቀ። በማግስቱ የቡድኑን የተሰላፊዎች ዝርዝር ለዳኛው ያደረሰው ጋላራጋ ነበር፤ ጆይስ እንባውን እየጠረገ ተቀበለው፣ ስታዲየሙም አጨበጨበ። በዚያው ሰሞን አንድ የስፖርት መጽሔት 100 ተጫዋቾችን ሲጠይቅ ከዳኞች ሁሉ የሚበልጠው ብለው ጆይስን መረጡ። ተጫዋቾች የሚቆጡት በተሳሳተ ዳኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ምርጫ ባልተገኘ ነበር። የሚያንገበግባቸው ስሕተቱን ለማንሣት ቦታ ማጣታቸው ነው። ኮሚሽነሩ ቡድ ሴሊግ ግን ፍርዱን አልሻሩትም። በሩ አሁንም ዝግ ነበር።

ይግባኙ ሲከፈት

የቪዲዮ ምርመራ በ2008 በሆም ረን ብቻ ተጀምሮ ነበር፤ በ2014 ወደ ቤዝ ላይ ፍርዶች ሰፋ። የዴንኪንገርና የጆይስ ዓይነት ስሕተት ዛሬ ኒው ዮርክ ካለው የምርመራ ማዕከል በደቂቃዎች ውስጥ ይታረማል። የማትታየዋ መስኮት ግን እስከ 2026 ቆየች።

ደቡብ ኮሪያ በ2024 የቦልና ስትራይክን ፍርድ በሙሉ ለካሜራ አስረከበች። አሜሪካኖቹ ሁለቱንም መንገድ በታችኛው ሊግ ሞክረው ሌላውን መረጡ። ዳኛው እንደ ወትሮው ይፈርዳል። እያንዳንዱ ቡድን ግን ሁለት የይግባኝ ዕድል አለው፤ ይግባኙ ከጸና ዕድሉ አይቀነስበትም። የሚጠይቁት መቺው፣ ወርዋሪውና ያዡ ብቻ ናቸው፤ አሰልጣኝ ከመቀመጫው አይጮኽም። ተጫዋቹ ወዲያው ኮፍያውን ወይም የራስ ቁሩን ይነካል፤ የኳሱ መንገድ በስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ ለሁሉም ይታያል፤ ነገሩ በሰከንዶች ያበቃል።

በ2025 የቅድመ ውድድር ሙከራ ከቀረቡት ይግባኞች የጸኑት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ይህን ቁጥር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ተጫዋቹ ተበድያለሁ ብሎ እርግጠኛ ከሆነባቸው ኳሶች በግማሽ ያህሉ ትክክለኛው ዳኛው ነበር ማለት ነው። በቀድሞው ሥርዓት እነዚያ ሁሉ ቂም ሆነው ይቀሩ ነበር፤ ዳኛውም ትክክል መሆኑን የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም። ይግባኝ የዳኛን ክብር ይቀንሳል ብለው ለሰጉት ሁሉ መልሱ እዚህ አለ፤ የተመረመረ ፍርድ ሲጸና ዳኛው በሕዝብ ፊት ይመሰከርለታል።

ጠቡ በአንድ ደንብ አይጠፋም፤ የሚናደድ ሰው፣ የሚባረር አሰልጣኝ ይኖራል። በእኛ አገር ግን ሁለት ሰዎች ሊደባደቡ ሲሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ይሰበስብ የነበረው ነገሩ በዱላ ፋንታ ሰሚ ፊት እንደሚቀርብ ስለሚያምን ነው። የራስ ቁሩን የሚነካው መቺም ለዳኛው የሚለው ያንኑ ነው፤ አልሰድብህም፣ አልነካህም፣ ሁለታችንንም የሚያየን አለና አብረን እንይ።