መርፌው ከወጣ በኋላ

ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ፊልቱ ቆላ ናት። በእንዲህ ያለ ሙቀት ለጤና ሠራተኛ ጓንት አጥልቆ መዋል ፈተና ነው፤ እጅ በላብ ይርሳል፣ መርፌም ይንሸራተታል። ጓንት ያስፈልጋል። ነገር ግን መርፌው ላይ ያለውን ደም በከፊል ይጠርግ እንደሆነ እንጂ መርፌውን አያቆመውም።

አደጋው የሚጀምረው መርፌው ከታካሚው ሰውነት ከወጣ በኋላ ነው። ሌሊት ነው እንበል፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ደም የሚፈሳት እናት አለች። ተረኛዋ ነርስ ካኑላውን አስገብታ በአንድ እጇ ደም ሥሩን ተጭናለች፣ በሌላው ደም የነካው መርፌ ይዛለች። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ ሴፍቲ ቦክሱ፣ ያለው በሩ አጠገብ ነው። ስለዚህ ደም ሥሩን ለቅቃ ክዳኑን በዚያው እጇ አንስታ መርፌውን መልሳ ልትከድነው ትሞክራለች። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሳተች መርፌው የሚያርፈው ክዳኑን በያዘችው ጣት ላይ ነው። መርፌው ክፍት ቱቦ በመሆኑ ደግሞ ውስጡ ደም ቋጥሯል። ለዚህ ነው ሴፍቲ ቦክስ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ አልጋው አጠገብ መሆን ያለበት፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላም ተዘግቶ መነሳት አለበት። መክደን ግድ ከሆነ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ በአንድ እጅ ብቻ መርፌውን ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

የተወጋ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኤች አይ ቪን ነው። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም በመርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች ኤች አይ ቪ የሚይዛቸው 3 ያህሉን ነው። ሄፓታይተስ ሲ ከ100 ሰው ከ2 በታች ይይዛል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ካልተከተቡ 100 ሰዎች ከ6 እስከ 30 የሚደርሱትን ሊይዝ ይችላል። ይኸው ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ እንኳ፣ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከ100 ሰው 7 ያህሉ ቫይረሱን ተሸክሟል፤ ብዙዎቹ ደግሞ አያውቁትም።

ከሦስቱ ክትባት ያለውም ለዚሁ ለሄፓታይተስ ቢ ነው። በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በአምስት ጥምር ክትባት ውስጥ ሆኖ በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ነርሶች በልጅነታቸው አላገኙትም። አዋቂ ሲከተብ ሦስት ዶዝ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 በግምት 17,000 የጤና ሠራተኞች በሄፓታይተስ ቢ ተይዘው ነበር፤ ክትባቱ ከተስፋፋ በኋላ በ1995 ቁጥሩ ወደ 400 ወረደ። ለቆላ ከተሞች የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ክትባት ከሙቀት ይልቅ በረዶን ይፈራል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ ከበረዶ ጋር ተጣብቆ በረዶ ከሠራ ግን ይበላሻል።

የተወጋ ሰው ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠብ። ደሙን አይጭመቅ፣ በረኪናም አያፍስበት። ቀጥሎ ለኃላፊው ያሳውቅ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ቶሎ፣ ቢቻል በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ያልተከተበ ሰው የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱንም ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምር።

ብዙዎች ግን ዝም ይላሉ። ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለመውሰድ መታየት ያስፈራል። «ጥንቃቄ ጎደለሽ» መባልም አለ። የተወጋችውን ነርስ ከመውቀስ ይልቅ ሴፍቲ ቦክሱ የት ነበር፣ ስንት ሰዓት ተረኛ ሆና ቆየች ብሎ መጠየቅ የኃላፊው ሥራ ነው።

ነርሷ የጣለችውን መርፌ ወደ ማቃጠያው የምትወስደው ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ሳጥኑ ሞልቶ ከፈሰሰ እጇን የሚወጋው ያው መርፌ ነው፤ ስለዚህ የክትባቱ መዝገብ ሲከፈት የእርሷም ስም ከነርሶቹ ጋር ይጻፍ።