ከሩጫ እስከ መኪና ፋብሪካ

ከዲላ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሐዋሳን ታልፋላችሁ። እዚያ ሐይቁ ዳር ኃይሌ ሪዞርት የሚባል ትልቅ ሆቴል አለ። ባለቤቱ ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። የገበሬ ልጅ ይህን ሁሉ እንዴት አፈራ? እስቲ እንየው።

ኃይሌ በ1965 ዓ.ም. አሰላ አጠገብ ተወለደ። ቤተሰቡ ዐሥር ልጆች ነበሩት። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ጠዋት እየሮጠ ይሄዳል፤ ማታም እየሮጠ ይመለሳል። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ መሮጥ ስለለመደ፣ ካደገም በኋላ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ ነበር የሚሮጠው።

በነሐሴ 1985 ዓ.ም. ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ከተማ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ዓለምን ቀደመ። መርሴዲስ መኪና ተሸለመ። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ፣ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ። በመስከረም 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ጨረሰ። በዚያን ጊዜ ከዚህ የፈጠነ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ሩጫ ገንዘብ ያስገኛል። ግን እግርም እንደ ቡና ዛፍ ያረጃል። ያረጀ ቡና ቢጎነደል መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የሯጭ እግር ግን አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ኃይሌ ሽልማቱን በልቶ አልጨረሰም፤ ሥራ ላይ አዋለው። ሥራ ላይ ውሎ ሌላ ገንዘብ የሚያመጣ ገንዘብ ካፒታል ይባላል። በዚህ ካፒታል ሕንፃ ሠርቶ አከራየ፤ ሆቴሎችም ከፈተ። ባለድርሻ የሆነበት ማራቶን ሞተር የሚባለው ኩባንያም የኮሪያን ሂዩንዳይ መኪና መገጣጠም ጀመረ። መገጣጠም ማለት የመኪናው ዕቃ በየክፍሉ ከውጭ ይመጣና፣ እዚህ አገር ሠራተኞች አያይዘው መኪና ያደርጉታል ማለት ነው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በቤንዚን ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ገጣጥመው አወጡ።

ሀብት ግን ይጠፋልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ሁከት ተነሣ። የሻሸመኔና የባቱ ሆቴሎቹ ተቃጠሉ። የተጎዳው ባለሀብቱ ብቻ አይደለም። አልጋ የምታነጥፈዋ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ዘበኛውም ከሥራ ወጡ። ለሆቴሉ እንቁላልና ጎመን የሚያቀርብም ገዢ አጣ።

ለእኛ ለጌዴኦ ሰዎች ከዚህ ምን ይበጀናል? የቡና ገንዘብ ከጥቅምት እስከ ጥር ይገባል፤ ክረምት ሲደርስ ኪስ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ገበሬው ገና ላልቀላ ቡናው ከነጋዴ ገንዘብ ይቀበላል። ሲደርስም በረከሰ ዋጋ ያስረክባል። ድካሙ የእሱ፣ ትርፉ የሌላ ሰው ይሆናል።

ሁላችንም ኃይሌን ልንሆን አንችልም። ግን ከሽያጩ ጥቂት ቢቀመጥ፣ በክረምት ከዕዳ ያድናል፤ ሲጠራቀምም በግ ወይም የንብ ቀፎ ይገዛል። እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። ደብተር ግዙ። በአንድ በኩል የገባውን፣ በሌላ በኩል የወጣውን ጻፉ። ገንዘቡ በየት እንደሚያልቅ የምታዩት ያን ጊዜ ነው።